ሞዴሉ የጋራ፣ ኃላፊነቱ የማን? የቢአይኤም ትብብር ከድሬዳዋ ሲታይ

ድሬዳዋ ከመሐንዲሶች ንድፍ የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ የተራራው አቀበት አላስኬድ ስላለ ግን መስመሩ ቆላውን ይዞ ሄደ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ዛሬ ከተማዋ ካለችበት ሜዳ ደረሰ። የከዚራን ሰፈር የባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ ቀየሱት። የመጋላ ሰፈር ደግሞ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በነጋዴውና በነዋሪው እጅ አደገች። ዛሬ በዚችው ከተማ ላይ የሚያርፉት እጆች በዝተዋል፦ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ደረቅ ወደቡ፣ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠና፣ በሳቢያን ሰፈር በኩል ወደ ላይ የሚወጡት ሕንፃዎች። አብዛኞቹ የየራሳቸው ባለቤት፣ የየራሳቸው አማካሪና ተቋራጭ አላቸው።

እነዚህ ሁሉ እጆች በአንድ ዲጂታል ሞዴል ላይ ይሥሩ የሚለው ሐሳብ በኢትዮጵያም እየተሰማ ነው። የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት በባለሙያዎች ዘንድ ቢአይኤም ለሚባለው የሕንፃ መረጃ ሞዴል አሠራር ፍኖተ ካርታ አዘጋጅቶ ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። ወጣት አርክቴክቶችና መሐንዲሶችም ሶፍትዌሩን በራሳቸው ጥረት ይማራሉ። እስካሁን ግን ውይይቱ የሚያተኩረው መሣሪያው ላይ ነው፤ የትኛው ፕሮግራም ይሻላል፣ የትኛው ኮምፒውተር ይሸከመዋል ይባላል። አብሮ በመሥራት የሚመጣውን ተጠያቂነት እንዴት እንካፈለው የሚለው ጥያቄ ገና በቅጡ አልተነሳም። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ይህንኑ ነው። የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ግልጽ ይሁን፦ ሞዴል የጋራ ሊሆን የሚችለው ኃላፊነት አስቀድሞ በስም ሲከፋፈል ብቻ ነው።

ምን ተለወጠ?

ብዙ ሰው ቢአይኤምን የሚያውቀው ለደንበኛ በሚታይ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ነው። ምስሉ ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። በአውቶካድ የተሳለ ግድግዳ ሁለት ትይዩ መስመር ነው። እንደ ሬቪትና አርኪካድ ባሉ የቢአይኤም ፕሮግራሞች የተሠራ ግድግዳ ውፍረቱን፣ ቁመቱን፣ የብሎኬት ይሁን የአርማታ መሆኑን፣ የትኛው ፎቅ ላይ እንዳረፈና ስንት ካሬ ሜትር እንደሆነ ይዞ ይኖራል። ፕላኑ ላይ ሲነካ ሴክሽኑም፣ ኤሌቬሽኑም፣ የመጠን ዝርዝሩም አብሮት ይቀየራል።

ሐሳቡ ትናንት የመጣ አይደለም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቻርልስ ኢስትማን ሕንፃን በኮምፒውተር ውስጥ እንደ መረጃ ስብስብ ስለመያዝ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። የሃንጋሪው ግራፊሶፍት በ1980ዎቹ አርኪካድን አወጣ፤ በ2000 ሬቪት ተከተለ፤ ሬቪትን አውቶዴስክ በ2002 ገዛው።

የተለወጠው ትልቁ ነገር ግን የሰዎቹ ግንኙነት ነው። በወረቀት ዘመን ኃላፊነት ከማኅተሙ ጋር ይሄዳል። አርክቴክቱ የአርክቴክቸር ወረቀቱ ላይ፣ የስትራክቸር መሐንዲሱ የራሱ ወረቀት ላይ ይፈርማሉ፤ ሳኒተሪውና ኤሌክትሪካሉም እንዲሁ። ወረቀቶቹ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሳይቱ ላይ ይታያል፤ ያኔም ቢሆን የማን ወረቀት ምን እንደሚል ይታወቃል። በጋራ ሞዴል ውስጥ ግን አንዱ ሲነካ ሌላው ይንቀሳቀሳል። አርክቴክቱ የዓምዶቹን መስመር በ30 ሳንቲ ሜትር ሲያሸሽ የስትራክቸሩ ስሌት፣ የቧንቧው መውረጃ፣ የኬብሉ መንገድ ይነካል። ከዚህ አራት ጥያቄዎች ይወለዳሉ። ስህተት ሲገኝ የሚጠየቀው ማን ነው? ለሥራ የሚታመነው የትኛው መረጃ ነው? ሞዴሉ የማን ንብረት ነው? ለተጨማሪው ልፋትስ ማን ይከፍላል?

ስህተቱ የማን ነው?

በዚህ ጉዳይ በዓለም ላይ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2011 ከአሜሪካ የተሰማው ነው። ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በሚሠራ የሕይወት ሳይንስ ሕንፃ ላይ አርክቴክቱና የኤሌክትሮ መካኒካል መሐንዲሱ በቢአይኤም ተጋግዘው ቱቦውን፣ ቧንቧውንና ኬብሉን ሁሉ በጠባቡ የኮርኒስ ክፍተት ውስጥ አስገቡት። ሞዴሉ ላይ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል። ነገር ግን በዚያ ጥበት ውስጥ ሁሉም የሚገባው በአንድ የተወሰነ ቅደም ተከተል ከተገጠመ ብቻ ነበር፤ ይህንን ለተቋራጩ የነገረው ሰው አልነበረም። ተቋራጩ በለመደው መንገድ ገጠመ፤ ሥራው 70 በመቶ ገደማ ሲደርስ ቦታ አለቀ። ነገሩ ወደ ክስ አምርቶ በመጨረሻ በብዙ ገንዘብ በስምምነት አለቀ። ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም። የጎደለው አብሮት ለሚሠራው ማወቅ ያለበትን እንዲነግር ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ነው።

ይህን ጉዳይ ወደ ድሬዳዋ እናምጣው። ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለች ሞቃት ከተማ ውስጥ የሆስፒታል፣ የሆቴል ወይም የቢሮ ሕንፃ ያለ አየር ማቀዝቀዣና ያለ አየር ማስተላለፊያ ቱቦ አይታሰብም። ሳቢያን አካባቢ አንድ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ይሠራል እንበል። አርክቴክቱ የወለል ከፍታን ለመቆጠብ ከኮርኒሱ በላይ 40 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። የስትራክቸር መሐንዲሱ ሰፊ አዳራሽ ስለተጠየቀ አግዳሚውን የአርማታ ቢም ያወፍራል። የሜካኒካል መሐንዲሱ ሙቀቱን አስልቶ ቱቦውን ያሰፋል። ሦስቱም በየሙያቸው ትክክል ናቸው። ሦስቱ ሲገናኙ ግን ቱቦው ቢሙን ይበሳል። በወረቀት አሠራር ይህን የሚያገኘው ፎረማኑ ነው፤ ያውም አርማታው ከተሞላ በኋላ። ከዚያ ቺዝል ይመጣል፣ ፌሮ ይቆረጣል፣ ወይም ኮርኒሱ ወርዶ ክፍሉ ይታፈናል። በሞዴል ላይ ደግሞ ግጭቱ በቢሮ ውስጥ በቀይ ቀለም ይታያል። ቢታይስ ማን ያስተካክለው? ሦስቱም «የኔ ትክክል ነው» ካሉና የሚወስን ሰው በስም ካልተሰየመ፣ ቀዩ ምልክት እንደቀላ ወደ ሳይት ይወርዳል።

በሌላ አገር ለዚህ የተገኘው መልስ ሞዴሉን ሳይከፋፍሉ የሞዴሉን ክፍሎች ለሰው መስጠት ነው። የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቢአይኤም የውል ሰነድ፣ እያንዳንዱ የሞዴል አካል በእያንዳንዱ የሥራ ምዕራፍ ደራሲ እንዲኖረውና እስከ ምን ድረስ ሊታመን እንደሚችል በሠንጠረዥ እንዲቀመጥ አደረገ። የእንግሊዝ ኮንስትራክሽን ኢንዱስትሪ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ፕሮቶኮልም ከእያንዳንዱ ውል ጋር የሚያያዝ ሆኖ፣ የትኛውን ሞዴል ማን በየትኛው ደረጃ እንደሚያቀርብ የሚናገር ሠንጠረዥ አለው። በተግባርም እያንዳንዱ ሙያ የራሱን ሞዴል ለብቻው ይሠራል፤ ለመገጣጠሚያ ብቻ በአንድ ላይ ይደረደራሉ። የአርክቴክቱን ግድግዳ የስትራክቸር መሐንዲሱ አይነካውም፤ ችግር ካየ ምልክት አድርጎ ይመልስለታል።

ይህ ለእኛ አገር ባለሙያ ከጨዋነት ያለፈ ጉዳይ ነው፤ የሕግ ጉዳይም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1896 ባለዕዳዎች ብዙ ሲሆኑ ሌላ ስምምነት ከሌለ በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ናቸው ይላል። ቁጥር 2155 ደግሞ ለአንድ ጉዳት ብዙ ሰዎች ተጠያቂ ሲሆኑ በተመሳሳይ መንገድ በአንድነትና በነጠላ ያስጠይቃል። ይህ ማለት «በጋራ እንሠራለን» ብለው የፈረሙ አማካሪዎች ድርሻቸውን በጽሑፍ ካልለዩ፣ ከመካከላቸው ገንዘብ ያለው አንዱ ለሁሉም ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ቁጥር 3039 ደግሞ ተቋራጩን ለሥራው ትክክለኛነትና ለግንባታው ጽናት ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል፤ በመሬቱ ባሕርይ ለሚመጣ ጉዳት ጭምር። ጊዜውን የሚያሳጥር ስምምነትም አይጸናም። ተቋራጩ በሞዴሉ ውስጥ አስተያየት ሰጥቶ፣ ቱቦ አዛውሮ፣ የአፈር መረጃ ጨምሮ ከሆነ፣ ከ7 ዓመት በኋላ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ያኔ ማን ምን እንደነካ የሚያሳይ መዝገብ ከሌለ ክርክሩ ማለቂያ የለውም። መዝገቡ ካለ ግን ቢአይኤም ለሁሉም ወገን ከወረቀት የተሻለ ምስክር ነው። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ይቀመጣልና።

የሚታመነው መረጃ የቱ ነው?

በሳይት የምናውቀው አንድ ችግር አለ። ፎረማኑ እጅ ላይ ያለው ድሮዊንግ፣ የአማካሪው ተወካይ ኮምፒውተር ውስጥ ያለውና ለባለቤቱ የተላከው ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። በቴሌግራም የተላከ ፋይል «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እየተባለ ይባዛል። ቢአይኤም ይህን ልማድ ሳያጠፋ ከገባ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የተሳሳተ ሞዴል የተሳሳተ የብረትና የሲሚንቶ መጠንም ይዞ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይኤስኦ 19650 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለዚህ የሚሰጠው መልስ የጋራ የመረጃ ቋት ነው። በቋቱ ውስጥ ማንኛውም ፋይል ከአራት ሁኔታዎች በአንዱ ላይ ይሆናል። መጀመሪያ በሥራ ላይ ያለ ነው፤ ከሠሪው ቡድን በቀር ማንም አያየውም። ቀጥሎ የተጋራ ይሆናል፤ ሌሎች አይተው ሥራቸውን ያስተካክሉበታል እንጂ አይገነቡበትም። ሦስተኛው የጸደቀ ነው፤ ሥልጣን ያለው ሰው ፈርሞበታል፤ ሳይቱ በዚህ ይሠራል። አራተኛው ማኅደር ነው፤ ያለፈው ሁሉ ሳይጠፋ ይቀመጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር በር ላይ ሁሉ አንድ ስም አለ። የትብብር ሁሉ ምሥጢር ያለው በእነዚህ በሮች ላይ ነው። ያላለቀ ሥራውን ለሌሎች እንዲያሳይ የሚገደድ ባለሙያ ይደብቃል፤ ሥራው ላልተፈቀደ አገልግሎት እንደማይውል ዋስትና የተሰጠው ግን ቀድሞ ያጋራል።

ድሬዳዋ የመረጃ ጉዳይ የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ፤ ብዙ ሺህ ነዋሪ ተፈናቀለ። ውሃው የመጣው ከከተማዋ ወሰን ውጪ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነው። ጎርፉን ያመጣው የሶፍትዌር እጥረት አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የሚሠራ ሁሉ፣ ድልድይም ይሁን የጎርፍ መከላከያ ግንብ፣ የዝናብ ውሃ ቦይም ይሁን የመኖሪያ ቤት ወለል፣ አንድ ዓይነት የመሬት ከፍታና አንድ ዓይነት የጎርፍ መጠን ይዞ መነሳት አለበት። የድልድዩ ቀያሽ ከአንድ የከፍታ መነሻ ነጥብ (ቤንችማርክ)፣ የግንቡ ቀያሽ ከሌላ ቢነሱና በመካከላቸው የ30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ቢኖር፣ ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተው ውሃው በክፍተቱ ይገባል። ስለዚህ ለድሬዳዋ የጋራ ሞዴል መጀመሪያው የሕንፃ ሞዴል ሳይሆን የመሬቱ ሞዴል ነው ብል አላጋነንኩም። ያንን መረጃ የሚያድስና የሚፈርምበት አንድ መሥሪያ ቤት መሰየም ደግሞ ከየትኛውም ሶፍትዌር ግዥ ይቀድማል።

ፋይልን በዲጂታል መንገድ በማጽደቅ ሕጋዊነት ላይ የሚነሳው ጥርጣሬ አሁን ያን ያህል ጉልበት የለውም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010 ዓ.ም.፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ወጥተዋል። የዲጂታል ማጽደቅ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። የቀረው በግንባታ ውሎች ውስጥ «የጸደቀ ሞዴል» ምን እንደሆነ፣ ሞዴሉና የታተመው ወረቀት ሲጣሉ የትኛው እንደሚበልጥ መጻፍ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ዲዛይናቸው በተመዘገበ ባለሙያ እንዲሠራ አድርጓል፤ የባለሙያ ተጠያቂነት መሠረቱ አለን። ያ ተጠያቂነት ወደ ሞዴሉ አካላት ድረስ እንዲወርድ ማድረግ የውል ጸሐፊዎች ሥራ ነው።

ሞዴሉ የማን ንብረት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት የታየው የትራንት ኢንጂነሪንግና የሞት ማክዶናልድ ክርክር ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መስታወት ነው። ትራንት በፎክላንድ ደሴቶች የኃይል ማመንጫ ለመሥራት ተዋውሎ ሞት ማክዶናልድን ለዲዛይንና ለቢአይኤም ሥራ ያዘ። በክፍያ ሲጣሉ አማካሪው ሥራ አቁሞ የጋራ የመረጃ ቋቱን የይለፍ ቃል ዘጋ። ተቋራጩ ገንዘቡን ያወጣበትን ንድፍ እንኳ ማየት አቃተው። ፍርድ ቤቱ ትራንት በክርክር ላይ ያለውን 475,000 ፓውንድ በፍርድ ቤት እንዲያስይዝ አድርጎ ቋቱ እንዲከፈት አዘዘ። ቁልፉን የያዘ ሰው ፕሮጀክቱን ያዘ ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጉዳይ ማግኘት ያስቸግራል።

በእኛ አገር የአማካሪና የባለቤት የክፍያ ጭቅጭቅ አዲስ ነገር አይደለም። በወረቀት ጊዜ ባለቤቱ ቢያንስ የታተመው ጥቅል እጁ ላይ ነበር። ሞዴሉ በአማካሪው ሰርቨር ብቻ ካለ ግን ጭቅጭቁ ሳይቱን ይዘጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የአርክቴክቸር ሥራን የፈጠራ ባለቤት ይጠብቃል፤ ይህ ተገቢ ነው። ባለሙያው የደከመበት የሞዴል አካላት ስብስብ፣ የዘረዘራቸው መጋጠሚያዎች ያለ ፈቃዱ ለሌላ ሕንፃ መዋል የለባቸውም። በሌላ በኩል ግን የሚከፍለው ባለቤት ሕንፃውን ለመሥራት፣ ለማስተዳደርና ለማደስ ሞዴሉን የመጠቀም ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የእንግሊዙ ፕሮቶኮል ይህንን «የተፈቀደ አገልግሎት» በሚል የፈቃድ አንቀጽ ፈትቶታል፤ የዲጂታል ፋይሉ በመተላለፊያ ላይ ለሚደርስበት ብልሽትም ሠሪው ዋስ እንደማይሆን ያስቀምጣል። ሚዛኑ ሲጠቃለል፣ መብቱ የደራሲው ይሆናል፣ መጠቀሙ የባለቤቱ፣ ቋቱ ደግሞ በባለቤቱ ስም ይከፈታል።

ይህ ለድሬዳዋ ግንባታዎች ከምንም በላይ የሚጠቅመው ከርክክብ በኋላ ነው። የባቡር መስመሩን እንውሰድ። ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን የቻይና ባቡር ግሩፕ፣ ከሚኤሶ በድሬዳዋ በኩል እስከ ደወሌ ያለውን ሲሲኢሲሲ የተባለው ሌላ የቻይና ተቋራጭ ሠራው። ተሳፋሪው ግን ሚኤሶ ላይ ወርዶ ሌላ ባቡር አይሳፈርም። የኃይል መስመሩ፣ የምልክት ሥርዓቱ፣ የሐዲዱ ከፍታ መገጣጠም ግድ ነበር። ተቋራጩ አገሩ ሲገባ የሚቀረው የሚጠግነው ሰው ነው። የኢንዱስትሪ ፓርክ ሼድ፣ የነፃ ቀጠናው መጋዘን፣ የከተማው ውሃ መስመርም እንዲሁ ናቸው። በተግባር የተሠራውን የሚያሳየው አዝ ቢልት ድሮዊንግ በርክክብ ቀን ለፎርማሊቲ የሚቀርብ ጥቅል ሆኖ ሲቀር፣ ከ5 ዓመት በኋላ ቧንቧ የሚፈልግ ሰው አስፋልት እየቆፈረ ይፈልጋል። ውሃው፣ መብራቱና ቴሌው በየተራ አንዱን መንገድ ሲቆፍሩ ያየ ነዋሪ ይህን ለማመን ማስረጃ አያሻውም።

ለተጨማሪው ልፋት ማን ይከፍላል?

ብዙ ሰዎች የሚያልፉት፣ የትብብሩ መውደቂያ ግን ይህ ጥያቄ ነው። የተለመደው የአገራችን አሠራር ዲዛይን አልቆ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ተቋራጭ የሚገነባበት ነው። ተቋራጩ ወደ ጠረጴዛው የሚመጣው ውሳኔዎቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ ነው። አሸናፊ የሆነበት ዋጋ ጠባብ ስለሆነ ትርፉን ከቫሪዬሽን (ከሥራ ለውጥ) ክፍያና ከክሌም (ከካሳ ጥያቄ) ይፈልጋል፤ ስለዚህ የድሮዊንግ ስህተት ለአንዳንዱ ችግር ሳይሆን ገቢ ነው። ቢአይኤም ደግሞ ስህተቱ ቀድሞ እንዲገለጥ ይጠይቃል። የዲዛይን ሥራው ይበዛል፤ ሰዓቱ ወደ ፊት ይሳባል፤ ክፍያው ግን በአሮጌው ሠንጠረዥ ይመጣል። ቁጠባው ለባለቤቱ፣ ድካሙ ለአማካሪው፣ የቀረው ክሌም ለተቋራጩ ኪሳራ ከሆነ ማን ይተባበራል?

በዓለም ላይ ለዚህ ሁለት መንገድ ተሞክሯል። የመጀመሪያው ባለቤቱ፣ አርክቴክቱና ተቋራጩ አንድ ውል ፈርመው ትርፉንም ኪሳራውንም የሚካፈሉበት፣ በመካከላቸውም መካሰስን የሚተዉበት የተቀናጀ አሠራር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በተለይ በሆስፒታል ግንባታ ታይቷል። ሁለተኛው የተለመዱትን ውሎች እንዳሉ ትቶ የመረጃ ግዴታን በአባሪ የሚጨምር ነው፤ እንግሊዝ የሄደችበት። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 ባወጣው ስትራቴጂ ማዕከላዊ መንግሥት የሚያሠራቸው ሥራዎች እስከ 2016 በቢአይኤም እንዲሆኑ ወሰነ። ያኔ ትብብሩን ያመጣው የባለሙያዎች መልካም ፈቃድ ብቻ አልነበረም፤ የሚከፍለው ባለቤት ፈለገና ገበያው ተከተለ። ዓለም አቀፍ መደበኛ የግንባታ ውሎችን የሚያዘጋጀው ፊዲክም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣቸው ውሎች የቢአይኤም ምክር አክሏል።

ለእኛ የሚሻለው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው መተማመንን፣ የባለሙያ ኢንሹራንስን፣ በመንግሥት ግዥም ላይ ሰፊ ነፃነትን ይጠይቃል። ፍርድ ቤቶቻችንም ኦዲተሮቻችንም «አጥፊው ማን ነው?» ብለው በሚጠይቁበት ሁኔታ «ሁላችንም ነን» የሚል ውል መፈረም ለማንም አይበጅም። በአባሪ የሚሄደው መንገድ ግን ዛሬ ያለውን ውል ሳያፈርስ፣ ዝርዝሩን በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ተወዳዳሪው ለሥራው ዋጋ ይሰጣል፤ ልፋቱ ይከፈላል።

«ለእኛ ገና ነው» ለሚሉ

ሦስት ተቃውሞዎች በብዛት ይሰማሉ፤ ሦስቱም ሊደመጡ ይገባል። የፈቃድ ዋጋው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ትንሽ ቢሮ አይችለውም ይባላል። እውነት ነው። ሁሉም አንድ ፕሮግራም እንዲገዛ ማስገደድም ስህተት ነው። አይኤፍሲ የተባለው ክፍት የፋይል ዓይነት ግን የተለያዩ ፕሮግራሞች እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ያስችላል፤ በጨረታ ውስጥ መጠየቅ ያለበት የፋይሉ ዓይነት እንጂ የሶፍትዌሩ ስም አይደለም። ለማየትና ለመፈተሽ ብቻ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ።

ኔትወርክና መብራት ይቆራረጣል ይባላል። ይህም እውነት ነው። ይሁን እንጂ የጋራ ቋት የግድ በባሕር ማዶ ሰርቨር ላይ መቀመጥ የለበትም። በሳይት ቢሮ ውስጥ ያለ አንድ ኮምፒውተርና በየሳምንቱ ማክሰኞ የሚደረግ የሞዴል ስብሰባ፣ በሮቹ ከተጠበቁ፣ ከውድ ሥርዓት ያላነሰ ይሠራል።

ሦስተኛው የባለሙያ እጥረት ነው። ይህኛው ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው፤ ምክንያቱም ያለን ሥልጠና ሶፍትዌር ላይ ያተኮረ ነው። ሬቪት የሚያውቅ ወጣት አናጣም። ግጭት ሲገኝ ስብሰባ የሚመራ፣ የኃላፊነት ሠንጠረዥ የሚጽፍ፣ «ይህ ፋይል ለግንባታ አልጸደቀም» ብሎ አሠሪውን የሚያቆም ሰው ግን እምብዛም ነው። ይህ የኮምፒውተር ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ልምድና ሥልጣን ይጠይቃል። ለአንድ ጀማሪ መሐንዲስ የአስተባባሪነትን ስም ሰጥቶ ሥልጣኑን መንፈግ ደግሞ ጥፋት የሚላከክበት ሰው ማዘጋጀት ነው።

ድሬዳዋ ከየት ትጀምር?

ድሬዳዋ ለዚህ ሥራ ምቹ የሚያደርጋት ነገር አላት። ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ አስተዳደር ናት፤ ከፈቃድ እስከ መሠረተ ልማት ብዙው ውሳኔ በአንድ ከተማ ውስጥ ይገኛል። ትላልቆቹ ባለቤቶች ጥቂት ናቸው፤ ባቡሩ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ነፃ ቀጠናው፣ አስተዳደሩ ራሱ። ሲሚንቶው እዚያው ይመረታል። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። የአዲስ አበባን ያህል ገበያ ስለሌላት መስማማት ላለባቸው ሰዎች አንድ አዳራሽ ይበቃቸዋል።

ከዳሰሳው የሚወጣው ምክር እነሆ። አስተዳደሩ አንድ መካከለኛ የሕዝብ ሕንፃ ይምረጥ፤ ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት ይሁን። ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ባለቤቱ በርክክብ ቀን ምን መረጃ እንደሚፈልግ በሁለት ወይም በሦስት ገጽ ይጻፍ፤ «ቢአይኤም ይሁንልኝ» ማለት ብቻውን ውሃ አያነሳም። ከዚያ የኃላፊነት ሠንጠረዡ ይሠራ፤ መሠረት፣ ዓምድ፣ ግድግዳ፣ ቧንቧ፣ ቱቦና ኬብል እያለ ለእያንዳንዱ አንድ ስም፣ አንድ ቀን፣ አንድ የዝርዝር ደረጃ ይጻፍበት። ሁለት ስም የተጻፈበት ሳጥን ባዶ ሳጥን ማለት ስለሆነ አይፈቀድ። ቋቱ በባለቤቱ ስም ይከፈት፤ በክፍያ ክርክር ምክንያት እንደማይዘጋ፣ ክርክሩም በሌላ መንገድ እንደሚፈታ ውሉ ይናገር። ለግጭት ምርመራና ለሞዴል ስብሰባ ራሱን የቻለ የክፍያ መስመር በመጠን ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። ዩኒቨርሲቲው ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ርክክብ አብሮ ተቀምጦ የሆነውን ይመዝግብ፤ የተሳካውንም ያልተሳካውንም ለሕዝብ ያቅርብ። የሚቀጥለው ፕሮጀክት ከዚያ ይነሳ።

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ ሕግ ሳይወጣ ሊጀመር የሚችል ነው። የሚጠይቀው ባለቤቱ ከፊት እንዲቆም ነው። ባለሙያ ሊተባበር የሚችለው እስከ የት ድረስ እንደሚጠየቅ ሲያውቅ፣ ላደረገው ሲከፈለው፣ ያካፈለው ሥራ ተመልሶ መወንጀያው እንደማይሆን ሲረጋገጥለት ነው። እነዚህን ሦስቱን ማረጋገጥ የሚችለው ደግሞ ውሉን የሚጽፈውና ገንዘቡን የሚከፍለው ወገን ብቻ ነው። የመንግሥት ባለቤቶች ይህን ሸክም በፈቃዳቸው ካልተሸከሙ፣ የምንገዛቸው ፕሮግራሞች የበለጠ ያማሩ ሥዕሎችን ይሰጡናል፤ ሕንፃዎቻችን ግን እንደ ቀድሞው በየሳይቱ እየተበሱና እየተሞሉ ይቀጥላሉ።